አፍህን ክፈት

ላንክሻየር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከጥጥ ፋብሪካው በር፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ሻማ ይዤ እቆም ነበር።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ሐኪሙ አስፒናል ይባላል፤
እሱ አፍ ያስከፍታል፣ የእኔ ብዕር ይከተላል።

ሕጉ አዲስ ነበር፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ፤
"ዐሥራ ሦስት ያልሞላው ሙሉ ቀን አይሥራ" ብሎ ያስጠነቀቀ።
ዐሥራ ሦስት ግን ምንድን ነው? ማን ቆጥሮ ያውቀዋል?
የቄሱ መዝገብ ሻግቷል፤ እናት ስትቸገር ቁጥሩ ይለጠጣል።
ፊት በዘንግ ነበር ልኩ፤ ዘንጉን የነካ ይገባል፤
ልጁም ጫማው ውስጥ ገለባ ጠቅጥቆ በአንድ ሌሊት ያድጋል።

አስፒናል ዘንጉን ጣለው። "ቁመት" አለኝ "የእራት ልጅ ነው፤
ገንፎ ያጣ ያጥራል፣ ያገኘ ይረዝማል፤ እኔ የምፈልገው
ረኀብ የማይደልለው፣
ጉቦ የማይበላ ምስክር ነው"
ብሎ ጉንጬን በጣቱ ነካው።

ከዚያ ወዲያ ሰልፉ የፈረስ ገበያ መሰለ፤
"አፍህን ክፈት። ወደ ብርሃኑ። ምላስህን ሰብስብ" አለ።
የጥጥ ብናኝ፣ የሽንኩርት ትንፋሽ፣ የወለቀ ጥርስ ጎድጓዳ፤
ከፊት ሁለት እንደ አካፋ፣ ለፊቱ የከበዱ፣ እንግዳ።
የወተቱን ጥርስ ጨው ነስንሰው ምድጃ ውስጥ ጥለውታል፣
እሳቱ ሌላ እንዲመልስ፤ መልሷል፣ ዕዳም ጨምሮበታል።
የስድስት ዓመቷ መንጋጋ ለሁሉም በቦታዋ አለች፤
ከእሷ ኋላ ያለችው ናት፣ እሷ ናት ዳኛ የሆነች፤
ድዱን ሰንጥቃ ከወጣች፣ ዐሥራ ሁለት አልፏል፣ ጻፍ፤
ካልወጣች፣ ልጁ ልጅ ነው፤ ምንም ቢናገር ያ አፍ።

መጀመሪያ ጃቤዝ ገባ፣ ትከሻው በሩን የሞላ፤
እናቱ ኬዚያ ተከተለች፣ ሕፃን በሻርፕ ጠቅልላ።
"ዐሥራ ሦስት፣ በሐምሌ" አለች፤ ልጁም "ዐሥራ ሦስት" አለ፤
መንገድ ለመንገድ ያጠናው ቃል ከአፉ ተንከባለለ።
ሐኪሙ ጣቱን ሰደደ። ድዱ ልስልስ፣ ድፍን፣ ሞቃት፤
መንጋጋዋ ከሥር ተኝታለች፣ አንድ ክረምት ገና ቀርቷት።
"ዐሥራ አንድ" አለ። ጻፍኩ። ኬዚያ ጥርሷን ነከሰች፤
"ጥርሱ ዐሥራ አንድ ከሆነ፣ ሆዱ ስንት ነው?" አለች።

መዝገቤ ላይ ለሆድ የተሰመረ ዓምድ አልነበረም።

ቀጥላ ሄፕዚባ መጣች፤ ግንባሯ ከሐኪሙ የደረት ኪስ የሚተካከል፤
ስምንት ትሆናለች አልኩ፣ ክሳቷ የመጥረጊያ እንጨት የሚያክል።
ዘንጉ ቢኖር ትድን ነበር። ገለባም አልጠቀጠቀች፤
"ዘጠኝ ነኝ፣ ጌታዬ" ብላ ዐይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።
ሻማውን አስጠጋሁ። ከጥግ፣ ከላይም ከታችም፣ አራት፣
ጠርዛቸው ያልደነዘዘ፣ ሥጋ የማያውቁ መንጋጎች በቅለውላት።
"ዐሥራ ሦስት" አለ ሐኪሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ምን ላድርገው?
ጥርስ አይዋሽም።" አይዋሽም፤ እውነቱ ግን ማንን በጀው?
በዚያው ቀን ለሄፕዚባ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተፈረደ፤
ጃቤዝ በግማሽ ደመወዙ እያፏጨ ወደ ቤቱ ወረደ።
እሷ በር ላይ ዘወር ብላ "ትምህርት ቤቱስ፣ ጌታዬ?" አለች፤
ስሟን መጻፍ ጀምራ ነበር፤ ረጅም ነው፣ ገና አጋምሳው ነበረች።

ማታ መዝገቡን ዘግቼ፣ ሻማው ሊያልቅ ሲንጨረጨር፣
የሐኪሙን መስታወት ይዤ ወደ ራሴ አፍ ዞርኩ፤ የሚያሳፍር ነገር።
እኔ በድሆች መጠለያ ደጅ፣ በዘንቢል የተገኘሁ ነኝ፤
ስም ሰጡኝ፤ ዓመት ግን ማንም አልሰጠኝ።
ሁሉም ወጥተዋል። ከሁሉም ኋላ፣ በቀኝ በኩል ከታች፣
ሳምንት ሙሉ ስታመኝ የከረመች አንዲት ጫፍ ብቅ ብላለች።
የብስለት ጥርስ ይሏታል። ጠዋት ሐኪሙን ጠየቅሁት፤
ጣቱን አስገብቶ ሣቀ፦ "ዐሥራ ሰባት… ሃያ ሁለት…
ይቺኛዋ እንኳ አትታመንም፤ ቀጠሮ የማታከብር እንግዳ ናት።"

በሚቀጥለው ማክሰኞ አንዲት ትንሽ ልጅ አፏን ከፈተች።
እጄ ደክሞ ነው? እንጃ፤ ሻማዋ ትንሽ ራቀች።
"ከኋላ አይታየኝም" አለ አስፒናል።
እኔም ጻፍኩ፦ አይታይም።